የት ነው ያየኸው?

ስለ ኒውክሊዮፎስሚንና ስለሚመሰክሩለት አንቲቦዲዎች፤ በማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጋብዘኝ አንድ ማሳሰቢያ ጨምሮልኛል። «አዳራሹ ውስጥ ባዮሎጂ የተማረ ብቻ አይደለም የሚኖረው፤ ሕግ የተማረም፣ ሒሳብ የተማረም፣ ታሪክ የተማረም አለ። ደግሞ ከአንተ ቀጥሎ ያለው ምሳ ነው» ተባልኩ። ማሳሰቢያውን በሁለቱም በኩል ተቀብያለሁ። ስለዚህ ብዙ ነገር አላመጣሁም፤ ይዤ የመጣሁት አንድ ፕሮቲንና አንድ ጥያቄ ነው። ፕሮቲኑ ኒውክሊዮፎስሚን ይባላል። ጥያቄው ደግሞ ሕግ የተማራችሁት ከእኔ በላይ የምታውቁት ነው፤ ምስክር ችሎት ፊት ሲቆም የሚጠየቀው፦ «የት ነው ያየኸው?»

እኔ የምሠራው በውጭ አገር በአንድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከሕመምተኛ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ ወይም መቅኔ በሰም ተይዞ፣ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት ተቆርጦ፣ ስላይድ ላይ ተለጥፎ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ በዚያ ቁራጭ ውስጥ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን መኖሩንና ያለበትን ቦታ በቀለም እናሳያለን። ቀለሙን ወደ ፕሮቲኑ የሚወስድልን አንቲቦዲ ነው። ሥራዬ በአጭሩ ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ ኒውክሊዮፎስሚንን የመሰለ ጥሩ አስተማሪ አላገኘሁም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ከሚኖርበት ቦታ እንነሣ። ሕዋስ ውስጥ ኒውክሊየስ አለ፤ ኒውክሊየሱ ውስጥ ደግሞ ጠቆር ያለች ነጥብ መስላ የምትታይ ኒውክሊዮለስ አለች። የሽንኩርት ልጣጭ በአዮዲን ነክራችሁ በማይክሮስኮፕ ያያችሁ ሁሉ ይህችን ነጥብ ታውቋታላችሁ። ሥዕሏን ስላችሁ፣ ስሟን በቀስት ጽፋችሁ፣ ለማርክ አስረክባችኋል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ረስተናታል።

ሳይንስም ራሱ ለረጅም ጊዜ ከእኛ አልተሻለም። ጣሊያናዊው ፌሊቼ ፎንታና በ1781 ከአንድ እባብ መሰል ዓሣ ቆዳ ላይ በተወሰደ ሕዋስ ውስጥ አይቷታል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ምን እንደምትሠራ ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በውል አልታወቀም። በ1934 ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረገችው ጥናት ኒውክሊዮለስ ከአንድ የተወሰነ የክሮሞዞም ቦታ ላይ እንደምትነሣ አሳየች። በ1964 ደግሞ ዶናልድ ብራውንና ጆን ገርደን ኒውክሊዮለስ የሌላቸው የእንቁራሪት ሽሎች የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ. መሥራት እንደማይችሉ አረጋገጡ። ነገሩ የዚያን ጊዜ ለየ፤ ኒውክሊዮለስ የራይቦዞም መሥሪያ ናት።

ባዮሎጂ ላልተማራችሁት እንዲህ ልበለው። ራይቦዞም ምጣድ ቢሆን፣ ፕሮቲን እንጀራው ነው። ኒውክሊዮለስ ታዲያ እንጀራው የሚጋገርባት ቦታ አይደለችም። ምጣዱ ራሱ ተሠርቶ፣ ተሟሽቶ ወደ ሥራ የሚወጣባት ግቢ ናት። ጋገራው ያለው ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ግቢዋም ሥራ አትፈታም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በፍጥነት የሚያድግ አንድ የሰው ካንሰር ሕዋስ በየደቂቃው 7500 ያህል የራይቦዞም ንዑስ ክፍሎች እንደሚሠራ ይገመታል። በሰው ሕዋስ ውስጥ የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ. ጂኖች በአምስት ክሮሞዞሞች ላይ ተደርድረዋል፦ በ13ኛው፣ በ14ኛው፣ በ15ኛው፣ በ21ኛውና በ22ኛው። ሕዋሱ ሲከፈል ኒውክሊዮለስ ትበተናለች፤ ክፍፍሉ ሲያበቃ እንደገና ትሰበሰባለች። ግድግዳ የላት፣ በር የላት፤ ሠራተኞቿ ሲሰበሰቡ ትኖራለች፣ ሲበተኑ አትኖርም።

ከነዚህ ሠራተኞች መካከል በብዛት ከሚገኙት አንዱ ኒውክሊዮፎስሚን ነው። 294 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጂኑ በ5ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ይገኛል። ስሙ ብዙ ነው። እኛ አገር አንድ ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም እንደሚኖረው ሁሉ፣ ይህም ፕሮቲን ያገኘው ላቦራቶሪ ሁሉ በራሱ ስም ጠርቶታል። በሂዩስተን የሃሪስ ቡሽ ላቦራቶሪ የኒውክሊዮለስን ፕሮቲኖች በጄል ላይ ዘርግቶ ሲለያይ፣ እያንዳንዱን ባረፈበት ቦታ ሰየመው፤ አንዱ ቢ23፣ ሌላው ሲ23 ተባለ። ቢ23 የኛው ኒውክሊዮፎስሚን ነው። ሲ23 ደግሞ ዛሬ ኒውክሊዮሊን የምንለው ጎረቤቱ ነው። ሲ23ን አደራ እንዳትረሱት፤ ቆይቶ ያስፈልገናል።

ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራው ራይቦዞምን መርዳት ነው፤ በተለይ ትልቁን ንዑስ ክፍል እስኪያልቅ ይረዳውና ወደ ውጭ ሲወጣ ይሸኘዋል። ሁለተኛው፣ ሂስቶኖችንና ሌሎች ፕሮቲኖችን ያለ ቦታቸው ተጣብቀው እንዳይበላሹ ይጠብቃል። ይህን የሚያደርገው ብቻውን አይደለም፤ አምስት አምስት እየሆነ እየተያያዘ ነው። ሦስተኛው፣ ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞችን ለሁለት የሚስበው መዋቅር መነሻ የሆነው ሴንትሮዞም ያለ ጊዜው እንዳይባዛ ይቆጣጠራል። አራተኛው፣ ኤ.አር.ኤፍ. የተባለውን ዕጢ ተከላካይ ፕሮቲን ኒውክሊዮለስ ውስጥ ይዞ ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርገዋል፤ በዚህም በኩል ከታዋቂው ፒ53 ጋር ይገናኛል። ጂኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው አይጦች ሳይወለዱ በማህፀን ይሞታሉ። ይህ ሁሉ አንድ ፕሮቲን ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን አንድ ቦታ ተቀምጦ አይውልም። ሲሸኝ ይወጣል፣ ሸኝቶ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግን በኒውክሊዮለስ ውጨኛ ክፍል ነው፤ አድራሻው እዚያ ነው። የራይቦዞም ሥራ በመድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ኒውክሊዮለስን ለቆ በኒውክሊየሱ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ስለ ኒውክሊዮፎስሚን «አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ እኮ! የሚጠቅመው «የት ነው ያለው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚነካበትን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1994 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት ሊምፎማ ላይ 2ኛውና 5ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ፣ የኒውክሊዮፎስሚን ጂን ኤ.ኤል.ኬ. ከተባለ ጂን ጋር እንደሚጣበቅ አገኙ። ይህን ለማጥናት ኒውክሊዮፎስሚንን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ተሠሩ። ጣሊያን ውስጥ፣ ፔሩጃ ከተማ፣ የብሩናንጄሎ ፋሊኒ ቡድን እነዚህን አንቲቦዲዎች ይዞ አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለውን የደም ካንሰር ናሙናዎች መረመረ። ከብዙዎቹ ናሙናዎች ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ቡናማው ቀለም በኒውክሊየስ ውስጥ መሆን ሲገባው ሳይቶፕላዝሙን ሞልቶታል። ፕሮቲኑ አድራሻውን ለቋል።

ውጤቱ በ2005 ታተመ። ከ591 የአኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ ታማሚዎች ናሙና ውስጥ በ208ቱ፣ ማለትም በ35.2 በመቶው፣ ኒውክሊዮፎስሚን በሳይቶፕላዝም ውስጥ ተገኘ። ከሌላ የደም በሽታ ወይም ከቀደመ ሕክምና ተከትሎ ከመጣው ሉኪሚያ 135 ናሙናዎች ግን በአንዱም አልታየም። ከዚያ በኋላ ነው ጂኑ ተነብቦ ምክንያቱ የተገኘው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ቦታው ታየ፣ ጂኑ ቀጥሎ ተነበበ። በስላይድ ላይ ያለ ቀለም ነው ወደ ጂኑ የመራው።

ምክንያቱ ደግሞ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። በጣም በሚዘወተረው ዓይነት፣ በጂኑ መጨረሻ አካባቢ አራት ፊደላት ይደገማሉ፤ ቲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ጂ። አራት ለሦስት ስለማይካፈል ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ይዛባል፤ የፕሮቲኑ ጅራት ይለወጣል፤ 294 የነበረው 298 ይሆናል። የጠፋው ጅራት ፕሮቲኑን ኒውክሊዮለስ ውስጥ የሚያስረው መልሕቅ ነበረበት። አዲሱ ጅራት ደግሞ «አስወጡኝ» የሚል ምልክት አለው። መልሕቁ ተነቅሎ የመውጫ ደብዳቤ እንደ መስጠት ነው። አምስት አምስት እየሆኑ ይያያዛሉ ብዬ የለ? ስለዚህ የተለወጠው፣ ከጤነኛው ጂን የተሠራውንም ጎትቶ ይዞት ይወጣል።

ይህን ማወቅ ለታማሚው ምን ይፈይዳል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ይህን ሉኪሚያ በጊዜያዊነት፣ በ2016 ክለሳው ደግሞ ራሱን እንደቻለ የበሽታ ዓይነት መዝግቦታል። ኤፍ.ኤል.ቲ.3 በሚባለው ጂን ላይ የሚታወቀው የመደጋገም ለውጥ ካልተጨመረበት፣ በኬሞቴራፒ የተሻለ ውጤት ከሚጠበቅባቸው ምድብ ይገባል። ንቅለ ተከላ ይደረግ ወይስ ይቆይ የሚለው ውሳኔ በከፊል በዚህ ላይ ይቆማል። አንድ ቤተሰብ የሚያወጣው ገንዘብ፣ የሚሄድበት አገር፣ የሚጠብቀው ተስፋ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የጂን ንባብ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ ጥሩ አንቲቦዲ ይህን ወሬ በሁለት ቀን ሊያመጡ ይችላሉ። «ጥሩ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

እስቲ አሁን ወደ ምስክሩ። አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገርን ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ነው። ይህን የአንድን ነገር ቦታ በማይክሮስኮፕ ለማሳየት ማዋል የተጀመረው አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ በ1941 በአንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ካያያዙ በኋላ ነው። በ1975 ደግሞ ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመርት ሕዋስ ሠሩ፤ በ1984 ለኖቤል ሽልማት በቁ። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ከጥንቸል ወይም ከፍየል ደም የሚወጣው ድብልቅ አንቲቦዲ፣ አንድን መንደር በሙሉ ለምስክርነት እንደ መጥራት ነው። ብዙ ያያል፣ አንዳንዱም ያላየውን ያወራል። የኮህለርና የሚልስታይን ዘዴ ግን አንድ ሰው ብቻ መርጦ፣ እሱኑ ደጋግሞ እንደ ማስመስከር ነው። ቃሉ አይለዋወጥም። ግን ቃሉ ስላልተለዋወጠ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው አንዱን ውሸት ሃያ ዓመት ሊደግመው ይችላል።

ደስ የሚል ታሪክም አለ። ከኒውክሊዮፎስሚን ጎረቤቶች አንዱ ፋይብሪላሪን ይባላል። ይህ ፕሮቲን በ1985 ተለይቶ ሲሰየም፣ አንቲቦዲውን የሰጠው የተወጋ አይጥ ወይም ጥንቸል አልነበረም። ስክለሮደርማ የሚባል ቆዳን የሚያደርቅ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሰውነት የገዛ ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርታል። ከእነርሱ ደም የተወሰደው ሴረም ሕዋስ ላይ ሲደረግ ኒውክሊዮለስ ቦግ ብላ አበራች። ሳይንስ ፋይብሪላሪንን ያወቀው በታማሚዎች ደም ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ምስክር ካለ መስቀለኛ ጥያቄም አለ። አባቶቻችን በልሃ ልበልሃ ብለው ሲሟገቱ ምስክርን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በሌላ በኩል ግን ሌባ ሻይ የሚባልም ነገር ነበረን፤ ታሪክ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና በመንደሩ ውስጥ ይነዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁን «ለምን እዚህ ወደቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ያልተፈተነ አንቲቦዲ ለእኔ ሌባ ሻይ ነው። ስላይዱ ላይ ይዞራል፣ አንድ ቦታ ይወድቃል፣ የወደቀበት ቦታ ቡናማ ይሆናል፣ እኛም ያንን ጽፈን እንፈርማለን።

ነገሩን አላጋነንኩትም። በ2023 በታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎች ጎን ለጎን ተፈተኑ። ፈተናው ጂኑን ከሕዋሱ አጥፍቶ፣ አንቲቦዲው አሁንም «አየሁ» ይል እንደሆነ ማየት ነው። ብዙዎቹ ወደቁ። በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን ዒላማውን በማያውቅ አንቲቦዲ የተሠሩ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ አንድ ዓለም አቀፍ ቡድን አምስት የፈተና መንገዶችን ዘርዝሮ ነበር፦ ጂኑን ማጥፋት ወይም ማዳከም፣ በአንቲቦዲ ካልሆነ ሌላ ዘዴ ውጤት ጋር ማስተያየት፣ ሌላ ነጻ አንቲቦዲ ጨምሮ ማየት፣ ፕሮቲኑን በምልክት አስሮ መከታተል፣ አንቲቦዲው የያዘውን አውጥቶ ምን እንደሆነ መመርመር። ሕግ የተማራችሁት እነዚህ ለእናንተ አዲስ አይደሉም። ሁለተኛ ምስክር፣ የጽሑፍ ማስረጃ፣ ተከሳሹ በሌለበት መጠየቅ፤ ሌላ ስም ተሰጥቷቸው ነው እንጂ።

ኒውክሊዮፎስሚን ላይ ስንመጣ ደግሞ የራሱ ጥያቄዎች አሉት። እኔ በየቀኑ የምጠይቃቸውን አራቱን ልናገር።

አንደኛ፣ ምስክሩ የትኛውን ገጽ ነው የሚያውቀው? የፕሮቲኑን ፊት የሚያውቅ አንቲቦዲ ጤነኛውንም የተለወጠውንም ያያል። ጤነኛውን ጅራት ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ ግን የተለወጠውን ሊያየው አይችልም፤ ምክንያቱም የጠፋው ጅራቱ ነው። አዲሱን ጅራት ብቻ የሚያውቅም አለ። ጠርሙሱ ላይ «ፀረ ኒውክሊዮፎስሚን» መባሉ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ሕዋሱ ሰላም ነበር ወይ? ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜ የኒውክሊየስ ግድግዳ ስለሚፈርስ፣ ጤነኛው ኒውክሊዮፎስሚንም ተበትኖ ይታያል። ስለዚህ በክፍፍል ላይ ያለ ሕዋስ ለምስክርነት አይቆጠርም።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቱስ የት ነው? አትርሱት ያልኳችሁ ሲ23 እዚህ ላይ ይመጣል። በዚህ ሉኪሚያ ኒውክሊዮፎስሚን ሲወጣ ሲ23 ቤቱ ይቀራል። ሁለቱም ውጭ ከታዩ የወጣው ፕሮቲን ሳይሆን የፈረሰው ቤቱ ነው፤ ናሙናው በአያያዝ ተጎድቷል ማለት ነው። መቅኔ ከአጥንት ጋር ስለሚወሰድ አጥንቱን ማለስለስ ግድ ነው፤ በኃይለኛ አሲድ ከተለሰለሰ ብዙ ነገር ይበላሻል፣ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ግን ቀስ ቢልም ይቆጥባል። ደግሞም በዚያው ስላይድ ላይ ያሉትን ጤነኛ ሊምፎሳይቶች ተመልከቱ፤ የእነርሱ ቀለም ኒውክሊየስ ውስጥ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ምስክሩ ወደ ውስጥ መግባት ችሏል ወይ? ኒውክሊዮለስ እጅግ የታጨቀች ናት። በሚያበራ ቀለም ሙሉ ሕዋስ ስናይ አንዳንድ ጊዜ ኒውክሊዮፎስሚን ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ይታያል። ተማሪ ያን ቀለበት አይቶ «ፕሮቲኑ ያለው ጠርዙ ላይ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አንቲቦዲው ደጅ ቀርቶ ነው፤ ፕሮቲኑን ራሱን በሚያበራ ምልክት ስናስረው መሐሉም ላይ ይገኛል። ከበር ላይ ያየ ሰው ስለ ጓዳው አይመሰክርም።

እነዚህ ጥያቄዎች ምን ዋጋ እንዳላቸው በአንድ አጋጣሚ ልደምድመው። የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ የለመድነው አንቲቦዲ አለቀና ከዚያው ዓይነት አዲስ ጠርሙስ ተከፈተ። አቅራቢውን አልጠራም። በዚያ ቀን ከተሠሩት አንዱ የአንዲት ታማሚ መቅኔ ነበር፤ ሳይቶፕላዝሙ ቡናማ ሆኖ መጣ። ሐኪሞቹ ውጤቱን እየጠበቁ ነው፤ በስልክም ይጠይቃሉ። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ግን ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ «ሊምፎሳይቶቹን እያቸው» አለችኝ። እነርሱም ቡናማ ናቸው። የጤነኛ ቶንሲል መፈተሻችንን አየን፤ እሱም ቡናማ ነው። ሲ23 ግን በሁሉም ላይ ቤቱ ተቀምጧል። እንግዲህ ቤቱ አልፈረሰም፤ ምስክሩ ነው የሚቀባጥረው። ከድሮው ጠርሙስ በተረፈችው ጠብታ ደገምነው፤ ቀለሙ ኒውክሊየስ ውስጥ ብቻ ሆነ። ሪፖርቱ በዚያ ቀን አልወጣም። በኋላ ጂኑ ሲነበብ ለውጥ አልነበረውም። አቅራቢው ጠርሙሱን ቀየረልን። ያቺ ሴት ግን የማይገባት የበሽታ ስም ተሰጥቷት፣ በዚያም መሠረት ሕክምናዋ ሊወሰን ነበር። ያዳናት ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ርካሽ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ። ከውጭ የምንመጣ አባላት ለፋኩልቲያችን ስጦታ እንይዛለን፤ ይህ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው። መጽሐፍ፣ ፒፔት፣ አንዳንዴም አንቲቦዲ በበረዶ ጠቅልለን በሻንጣ ይዘን እንመጣለን። የሰጪው ልብ ንጹሕ ነው፤ የተቀባዩም ምስጋና እውነተኛ ነው። ግን በግልጽ እንነጋገር። አንቲቦዲ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በመንገድ የሞቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የቀለጠና የረጋ፣ ከምን ጋር እንደሚፈተን ያልታወቀ ጠርሙስ ስንሰጥ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ምስክር ነው የምንልከው። ተማሪው ስድስት ወር ይደክምበታል። ቀለም ካልመጣ ራሱን ይወቅሳል፤ ቀለም ከመጣ ደግሞ ያምነዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ከጠርሙሱ በፊት መፈተሻውን እንላክ። ኦ.ሲ.አይ.-ኤ.ኤም.ኤል.3 የሚባል በላቦራቶሪ የሚራባ የሉኪሚያ ሕዋስ አለ፤ የኒውክሊዮፎስሚን ለውጥ አለው፣ ፕሮቲኑም በሳይቶፕላዝም ውስጥ ይታያል። ኦ.ሲ.አይ.-ኤ.ኤም.ኤል.2 የሚባለው ደግሞ ይህ ለውጥ የለውም። ሁለቱን በፎርማሊን አድርቀን፣ በሰም ብንይዛቸው፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ ሁለት ትናንሽ ብሎኮች ይሆናሉ፤ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ከአንድ ብሎክ በመቶዎች የሚቆጠር ስላይድ ይቆረጣል። አንዱ «መውጣት አለበት» የሚል፣ ሌላው «መውጣት የለበትም» የሚል መፈተሻ ነው። ማንኛውም ጠርሙስ፣ ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ በእነዚህ ሁለት ፊት ይቁምና ይመስክር። ሲ23 አብሮት ይታይ። ውጤቱ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የጠርሙሱ ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ ያየው ሰው ስም። ይህ መዝገብ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል፤ «ምንም አዲስ ነገር አላገኘም» የሚለው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር።

መምህራን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የኒውክሊዮለስን ሥዕል ስሎ ሲያመጣ፣ ማርኩን ከመስጠታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩለት፤ «ይህን የነገረህ ማን ነው? እሱስ የት ሆኖ ነው ያየው?» ይህን የለመደ ተማሪ ፓቶሎጂስት ቢሆን፣ ጋዜጠኛ ቢሆን፣ ዳኛ ቢሆን ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብሎኮች ማዘጋጀቱን እኔ እወስዳለሁ። ማይክሮቶም ያላችሁ፣ የድሮ ስላይድ በካቢኔ ያከማቻችሁ፣ መዝገቡን ለመያዝ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። በሚቀጥለው መገናኛችን በዚህ መድረክ ላይ የሚቆመው ተናጋሪ ከዚህ ፋኩልቲ የወጣ ተማሪ ቢሆን፣ መዝገቡንም ገልጦ «ይህን ይህን ፈትነናል፣ ይህኛው ወድቋል» ቢለን፣ የማኅበራችን ስጦታ ቦታው ደረሰ ማለት ነው።